ፈቃደኛው ረዳኢ

ግብር የሚከፈለው በውዴታ እንጂ በግዴታ አይደለም ብሎ ከልቡ የሚያምን ሰው ካዛንቺስ ውስጥ ነበረ። ረዳኢ ይባላል። አምፖል፣ ሶኬትና የኤሌክትሪክ ገመድ ይሸጣል።

ማስረጃው ሬዲዮ ነው። «በፈቃደኝነት ግብር የመክፈል ባህላችንን እናዳብር ይላል እኮ! ጠያቂው ራሱ በፈቃደኝነት እያለ አንተ ምን አግብቶህ ነው ግዴታ የምታደርገው?» ይላል።

ይህን የሚለው ለጎረቤቱ ለልብስ ሰፊው ለሱሌማን ነው።

«ቀይ መብራት ላይም እባክህ ቁም ነው የሚሉህ» ይለዋል ሱሌማን። «አልቆምም በላቸውና ታያለህ። ህግ ነው ወንድሜ፣ ህግ!»

«እሺ፣ ህግ ከሆነ የግብር ገማቾች ሲመጡ ሱቅህን ለምን ትዘጋለህ?»

«እሱ ሌላ ነው» ይላል ሱሌማን ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ። «እኔ ህጉን አውቄ ነው የምዘጋው።»

መቼም ሰፈር ሁሉ የራሱ ደንብ አለው። ግብር ቢሮ የየሱቁን የቀን ሽያጭ የሚገምቱ ሰዎች ሲልክ፣ ገና ከኡራኤል በኩል ብቅ ሲሉ አንዱ ያፏጫል። ከዚያ በኋላ የላሜራ በር መዘጋት ነው። ባለሱቁ ሁሉ ለቅሶ እንደተጠራ ሰው ብን ብሎ ይጠፋል። ገማቾቹ በመጡ ቁጥር ያገኙት ቁልፍ ብቻ ነበር። ረዳኢም በዚህ ዘዴ ሱቁን ከከፈተ ጀምሮ ሳይከፍል ኖሯል።

ሚሊኒየሙ ካለፈ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ክረምቱ ሲገባ፣ ሁለት አዳዲስ ሰዎች ሰፈሩን ለመዱት።

አንደኛው ጥቁር ቦርሳ ያንጠለጠለ፣ ፊቱ የማይፈታ ሰውዬ ነው። ማኪያቶ ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሱቆቹን ሲያይ ይውላል። አንዳንዴም ጠጋ ብሎ ገበያ እንዴት ነው ይላል።

«እሱ ነው! ዘንድሮ ዘዴ ቀይረዋል፣ በቃ ሰላይ ልከውብናል» አለ ሱሌማን።

ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። ሰውዬው በጠየቀ ቁጥር ሁሉም አንድ አፍ ሆነ፤ ወፍ የለም፣ ሞተናል፣ ልንዘጋ ነው። ረዳኢማ ባዶ ካርቶን እያሳየ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

ሁለተኛዋ ዳናይት ናት።

መጀመሪያ አምፖል ልትገዛ መጣች። በሳምንቱ ሌላ አምፖል ገዛች። ደግሞ ሶኬት። ረዳኢ ሠላሳዎቹን አጋምሷል፤ እናቱ ከመቀሌ በደወሉ ቁጥር «ሳልሞት ልጅህን አሳየኝ» ይሉታል። ዳናይት ስትስቅ ደግሞ ያቺ ጠባብ ሱቅ ትሰፋበታለች። የአምፖሉ ብዛት ምን ሊያሳስበው!

«ገበያ እንዴት ነው?» ትለዋለች።

«ኧረ ተመስገን ነው!» ይላል ደረቱን ነፍቶ። ለእሷ ሲሆን ያልሸጠውንም ሸጥኩ ይላል። የትኛው እቃ ቶሎ እንደሚሄድ፣ በዓል ሲመጣ ምን ያህል እንደሚጨምር፣ ሁሉን ዘረገፈላት።

«ስለ ገቢህ የምትጠይቅ ሴት ትዳር ያሰበች ናት፣ አይደል ሱሌ?»

«እሱስ እውነት ነው» አለ ሱሌማን። «የኔዋም እንዲህ ነው የጀመራት።»

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ረዳኢ ሽማግሌ ልላክ አላት። ዳናይት አንገቷን ደፋች።

«እኔማ ደስ ይለኛል» አለች። «አባዬ ነው የሚያስቸግረኝ። ግብር ለማይከፍል ሰው ልጄን አልድርም ብሎ ምሏል።»

«ግብር እኮ በፈቃደኝነት ነው!»

«አውቃለሁ» አለች ፈገግ ብላ። «ታዲያ ያንተ ፈቃድ የት አለ?»

ረዳኢ በክርክር ተሸንፎ አያውቅም። ያን ቀን ተሸነፈ፤ ደግሞ ደስ አለው።

ሱሌማን ግን ጮኸ። «አብደሃል? አንዴ ከገባህ እኮ በየዓመቱ ነው! ሱቅህን ልታሰፋ ያጠራቀምከውን ልትበትን ነው?»

«እሷ ከሌለች ሱቁ ቢሰፋ ምን ያደርግልኛል? እወዳታለሁ፣ ሱሌ። በቃ።»

ሱሌማን ሜትሩን አንስቶ ለሽምግልናው የሚሆን ሙሉ ልብስ ሊሰፋለት ትከሻውን ይለካ ጀመር።

የመክፈያው የመጨረሻ ቀን ዝናቡ ያለ ይሉኝታ ይወርድ ነበር። ረዳኢ አዲሱን ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ክራባት አስሮ ግብር ቢሮ ሄደ። ሰልፉ እስከ ደጅ ደርሷል። እሱን የመሳሰሉ ክራባት ያሰሩ ጎረምሶች እዚህም እዚያም አየና ለካ ሰው ለመንግሥት ቢሮ እንዲህ ክብር አለው ብሎ ተገረመ።

ከፊቱ የተሰለፈው ደግሞ ማን ይሁን? ባለቦርሳው!

«ኧረ ጉድ! አንተ ገማች አይደለህም እንዴ?»

«እኔ? ፎቶ ቤት ነው ያለኝ፣ መስቀል ፍላወር» አለ ሰውዬው። «እናንተ ሰፈር ሁለተኛ ልከፍት ሱቅ ሳፈላልግ ነው የከረምኩት። ሁላችሁም ሞተናል ስትሉኝ ጊዜ ተውኩት።»

ረዳኢ ሳቁን ዋጠ።

መስኮቱ ጋ ሲደርስ አቶ ሊካሳ የሚባሉ ባለመነጽር ገንዘብ ተቀባይ የቀን ሽያጩን ሳይጠይቁት ነገሩት። ረዳኢ በጣም በዛ ብሎ ሊከራከር አፉን ከፈተና ዳናይትን አስቦ መልሶ ዘጋው። ያለፈውንም የዘንድሮውንም፣ ከነቅጣቱ ከፈለ። እንዲያውም ቀለል አለው።

«ሌላ የሚቀርህ ነገር አለ?» አሉት።

«የደረሰኙን አንድ ትርፍ ኮፒ ቢሰጡኝ» አለ ፊቱ እየቀላ። «ማለቴ… ለአማቴ የማሳየው ነው።»

አቶ ሊካሳ ቀና ብለው ክራባቱን አዩና ፊታቸውን ከኋላቸው ወዳለው የሠራተኞች ክፍል አዙረው ተጣሩ።

«ዳናይት! አምስተኛው እጮኛሽም ከፈለ!»