«ሊቭ» የሚለው ቃል

በዚያ ዘመን ጆሮ ውስጥ የሚገባው አስተርጓሚ መሣሪያ ቃሉን ብቻ ሳይሆን የተናጋሪውን ልብም ሰምቶ ነበር የሚተረጉመው። መሣሪያው አማርኛ ስለማያውቅ፣ ትሁኔ ከፊንላንዳዊቷ አማቷ ከሄልሚ ጋር የምታወራው በእንግሊዝኛ ነበር።

የአረጋውያን መኖሪያ አስገብታቸው፣ ልብሳቸውን ቁምሳጥን ውስጥ ሰቅላ ስትጨርስ፣ «እማማ፣ እንግዲህ ልሂድ» ለማለት «ሊቭ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ተጠቀመች። ቃሉ መሄድም፣ ጥሎ መሄድም ይሆናል።

ሄልሚ ቀና ብለው አዩዋት። «ጥለሽኝ ነው የምትሄጂው?»

ትሁኔ ልታስተባብል አፏን ከፈተች። ያም ከነልቧ እንደሚተረጎም ሲገባት ፊቷ ጋለ።

አሮጊቷ መሣሪያውን ከጆሯቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ እንድትናገር በእጃቸው ምልክት ሰጧት።

«ይቅር ይበሉኝ» አለች በአማርኛ፣ መሬት መሬት እያየች።

ሄልሚ ምንም ሳይገባቸው፣ እሺ እንደማለት ራሳቸውን ነቀነቁ።