የሰማንያ ቀን ዳስ

ስድስት ሚስማር በጥርሴ ነክሼ፣ ጣሪያው ላይ ቁጢጥ ብዬ ሳለሁ ነው ጓድ አድነው በአጥሩ በር ሲገባ ያየሁት። ካኪው ተተኩሷል። የቀበሌው የቤቶች ኮሚቴ ሰው እንዲህ ተተኩሶ ከመጣ ሊያፈርስ ነው፤ ሽሮ ሜዳ ውስጥ ይህን የማያውቅ ዶሮ እንኳ የለም።

ጣሪያው የሸማኔው የፈለቀ ቅጥያ ነው። እኔ ቶለሳ በጉለሌ ካቆምኳቸው ቤቶች ሁሉ ትንሹ። የቤቶቼ ብዛት እንዲህ በቀላሉ አይነገርም፤ እንጦጦ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው ከተማውን ማን እንደሠራው አይጠይቅም። ይህችን ግን ከሁሉ አስበልጬ ነበር የያዝኳት። የፈለቀ ቤት አንዲት ክፍል ናት። መሃሏ ላይ እግሩን ከቶ የሚሸምንበት ጉድጓድ አለ፤ አልጋው ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ነው። ሚስቱ ዘርትሁን ደግሞ ወሯ ገብቷል። ቅጥያው ካልቆመ ወይ አራሷ ከነጨቅላዋ ገደል አፋፍ ላይ ትተኛለች፣ ወይ የሸማው ዕቃ ተነቅሎ ዝናብ ላይ ይወጣና እንጀራቸው ይቆማል። ሰኔ ገብቷል፤ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሯል።

አድነው ከታች ሆኖ ፈቃድ ጠየቀ። ፈለቀ ማመልከቻው ማዘጋጃ ቤት መግባቱን፣ መልሱም ለመስከረም ይደርሳል መባሉን ነገረው፤ ድምፁ እንደሚፈትሉለት ድር ቀጥኖ። አድነው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ደንቡን ተናገረ። ያለ ፈቃድ የተቀጠለ ክፍል ይፈርሳል። ባይፈርስ እንኳ የጣሪያና ግድግዳ ግብሩ ይጨምራል። ለብቻው በር ካወጣ ደግሞ፣ ትርፍ ቤት ነው የሚል አይጠፋም።

ትርፍ ቤት ሲል ዘርትሁን ሆዷን በሁለት እጇ ደገፈች። ያ ቃል ስንቱን ባለቤት ቤት አልባ እንዳደረገ ሁላችንም አይተናል።

እኔ ደግሞ ነገር ሲጠብ ምላሴ ይሰፋል። ሚስማሮቹን መዳፌ ላይ ተፋሁ።

«ጓድ፣ ይሄ እኮ ቤት አይደለም። ዳስ ነው።»

«የምን ዳስ?»

«የክርስትና።»

ዳስ ፈቃድ አይጠየቅበትም። ለሰርግ ይተከላል፣ ለለቅሶ ይተከላል፣ ሲያበቃ ይነቀላል፤ ደርግም ቢሆን ይህን አልነካም። አድነው ቀስ ብሎ የዘርትሁንን ሆድ ተመለከተ።

«ክርስትና የሚነሳው ልጅስ የታለ?»

መንገድ ላይ ነው አልኩት። አስቀድሜ የጀመርኩት እንግዳው ስለሚበዛ ነው፤ ሦስት ሺህ ሰው ተጠርቷል፣ ከፈለቀ አገር ከጨንቻ ብቻ አሥራ አራት አውቶቡስ ይነሳል። አድነው ዳሱን በዓይኑ ለካው። አንድ ሸማኔ ከነመወርወሪያው ከገባበት ይሞላል።

«ሦስት ሺሁ ተራ በተራ ነው የሚገቡት?»

«እየተፈራረቁ» አልኩ።

ፈለቀ ወደ መሬት አቀረቀረ። አድነው ግን ጣቱን ወደ ምርጊቱ ቀስሯል፤ ዳስ በጭቃ ይመረጋል ወይ ነው ጥያቄው። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ይል ነበር። የኔ ዳስ ይመረጋል አልኩት። የእንጦጦን ንፋስ አታውቀውም፤ አንድ ጊዜ ያልመረግኩት ዳስ ውስጥ ገብቶ ሙሽራይቱን ከነሚዜዎቿ አንስቶ ቀጨኔ መድኃኔዓለም ደጅ ነው ያሳረፋት። የአድነው ከንፈር ለሳቅ ተንቀሳቀሰች፣ ግን ያዛት።

ያኔ ዘርትሁን፣ «ይግቡና ቤቱን ይዩት» አለችው።

ገባ። ቶሎ አልወጣም። ከጣሪያው አንገቴን አስግጌ በበሩ በኩል ሳጮልቅ ከጉድጓዱና ከአልጋው መሃል እግሩን አጥብቦ ቆሟል፤ መዞር ፈልጎ የሚዞርበት አጥቷል። ሲወጣ ድምፁ የስብሰባ ድምፅ አልነበረም።

«ዳስ ከሆነ ግድግዳ የለውም። ጭቃው ዛሬውኑ ይነሳ። ግድግዳ ከሌለው በርም የለው፣ ግብርም የለው፣ ትርፍ ቤትም አይባል። ጣሪያው ክርስትናው እስኪደርስ ይቆይ። በማግስቱ ግን መጥቼ አፈርሳለሁ።»

ፈለቀ ምሰሶዎቹ ላይ ጋቢ ቢሰቀልስ ብሎ ጠየቀ። «ጋቢ ጋቢ ነው» አለ አድነው።

ሁላችንም በየሆዳችን አሰላን። ወንድ ከሆነ ክርስትናው በአርባ ቀን ነው፤ ሐምሌ ማለቂያ፣ ዝናቡ በሚያጓራበት ወቅት ሊፈርስ ነው። ሴት ከሆነች በሰማንያ። ሰማንያ ቀን እንቁጣጣሽ ደጃፍ ያደርሳል፣ ፈቃዱም ከመስከረም ጋር ይመጣል። ፈለቀ ደግሞ ዘጠኝ ወር ሙሉ ወንድ ወንድ ሲል የከረመ ሰው ነው፤ ስም ሁሉ አውጥቷል። አየሁት፤ ያን ስም ዋጠው።

ወረድኩና ገጀራዬን አነሳሁ። በጉለሌ አቻ የሌለውን ምርጊት፣ ገና እርጥቡን፣ በገዛ እጄ መፋቅ ጀመርኩ። እንዲህ ያለ ምርጊት ደግሞ እንደኔ አድርጎ የሚያፈርስ የለም።

አድነው አጥሩ በር ላይ ደርሶ ቆመ። ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ፤ መንገዱ ላይ ማንም የለም። በስብሰባ ላይ የፈጣሪን ስም አንስቶ የማያውቀው ጓድ ወደ ዘርትሁን ዘወር ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሴት ያድርግልሽ» አላት። ማን እንደሚያደርገው አልተናገረም። ወጥቶ ሄደ።

ዘርትሁን ከዚያ ሁሉ ጭንቅ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ወደ ሆዷ ጎንበስ አለች።

«ሰምተሻል?» አለቻት።