ከቁራጭ ጨርቅ ቀሚስ

ልብስ ሰፊው ታናሽ ልጁ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ስትነካካ የምትውል ይመስለዋል። ምን እንደምትሠራ ጠይቋት አያውቅም። እሷ ግን ልኬት ሲሰጡት ጨርቅ እንዳይባክን የአቆራረጥ ንድፍ የሚያወጣ ፕሮግራም ጽፋ ጨርሳለች። ኮዱንም ማንም በነፃ እንዲወስደው ኢንተርኔት ላይ ለቃዋለች። የወሰደው ግን የለም።

«እስከ ወሩ መጨረሻ ያንን ነገርሽን አንድ ሰው ከተጠቀመበት አፌን እይዛለሁ» አላት። «ካልሆነ ግን ወዳጄ ቢሮ ገብተሽ ፋይል ትደረድሪያለሽ። እንወራረድ!»

«እሺ አባዬ።» በአባቷ ፊት ከእሺ ሌላ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

ታላቅ እህቷ የፕሮግራሙን ገጽ አይታ በሳቅ ፈረሰች። «‹ባለሁለት አውታር የቅርጾች ድርደራ ማመቻቻ›? ይህን ብሎ የሚፈልግ ሰው ካለ ሐኪም ያስፈልገዋል!»

«ታዲያ ሰው ምን ብሎ ነው የሚፈልገው?»

ከታች ከስፌት ቤቱ አባታቸው ከራሱ ጋር ሲነታረክ ተሰማ። «አሁን ከዚህች ቁራጭ ጨርቅ ቀሚስ እንዴት ይወጣል!»

እህትማማቾቹ ተያዩ። ታናሽዬዋ የገጹን ርዕስ አጥፍታ ያንኑ ጻፈች፤ መግለጫውንም በሰው ቋንቋ ቀየረችው።

የኢንተርኔት መፈለጊያው ገጿን አግኝቶ ከላይ ሲያወጣው ጊዜ አልፈጀበትም። ወዲያው «መርፌ» የተባለ ሰው ጥያቄ ላከ። «ወንድሜ፣ እጅጌውን የት ላስገባው?»

አልጋዋ ላይ ዘለለች። መልስ ጻፈች። ደግሞ ጠየቃት፤ ደግሞ መለሰች። መልሷን በላከች ቁጥር የታችኛው ስፌት መኪና ፀጥ ስለሚል ለማሰብ ይመቻል።

ከዚያ እህቷን አየቻት። ሶፋው ላይ ተጋድማ፣ ስልኳን አቅፋ ትንከተከታለች።

«መርፌ አንቺ ነሽ አይደል?»

«እኔ? አዝራር መትከል የማልችለው?»

«ምን ያስቅሻል ታዲያ?»

«አያገባሽም!» ብላ ስልኳን ትራስ ሥር ወሸቀች።

ነገሩ ገባት። እህት አዝናላት ብትጠቀም ውርርድ አይበላም። በወሩ መጨረሻ የቢሮ ሸሚዟን ተኮሰች፤ ለአባቷ «እሺ» ልትለው ወደ ደረጃው ስታመራ ስልኳ ጮኸ።

«ወንድሜ፣ ቀሚሱ ወጣ፤ እንዲያውም ጨርቅ ተረፈ! የኔም ልጅ ኮምፒውተር ትነካካለች፤ ግን ያንን ነገሯን ማንም አይጠቀምበትም ብዬ ከተወራረድኳት ወዲህ በምን ዓይኔ ልጠይቃት?»