ሲጻፍ የማይታይ

እማዬ ወንበሯን ወደ ሚጡ ታስጠጋለች። ለዓመታት ከእኔ ጎን የነበረውን ወንበር፣ ያውም እኔ እዚሁ ቆሜ።

ሚጡ ታናሽ እህቴ ናት። ሚጡ እንላታለን እንጂ ዛሬ ትልቅ ስቱዲዮ ውስጥ ድምፅ የምታቀናብር ጉደኛ ሆናለች። ማቀናበርን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እማዬ ለሬዲዮ ከምታነባቸው የልጆች ተረቶች ላይ ሳሏንና የገጹን ኮሽታ እየለቀምኩ የማጸዳውም እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ኮምፒውተሬ የሚሠራበትን ሊኑክስ የሚባል ሥርዓት ሳድሰው የድምፅ ማቀናበሪያው አልከፈትም አለ። እማዬ እኔን አንድ ቃል ሳትጠይቅ ሚጡ ጋ ደወለች። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ ማለት ይኸው ነው።

«እትዬ፣ ይሄን ሁሉ ፕሮግራም አንድ በአንድ ነው የጫንሽው?» ትላለች ሚጡ፣ ኮምፒውተሬ ፊት ተቀምጣ።

«አንድ በአንድ።»

«ውይ፣ ምን አደከመሽ! ድምፁንም ቪዲዮውንም ሥዕሉንም አጠቃሎ የሚያመጣ ጥቅል አለ እኮ። በአንድ ትእዛዝ ሁሉም ይጫናል።»

«አየሽ?» ትላለች እማዬ። ለማን እንዳለችው እንጃ፣ የወጋው ግን እኔን ነው።

ሚጡ አንድ መስመር ትጽፋለች። እማዬ አፏን ከፍታ ስክሪኑን ታያለች። እኔ ስሠራ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ተደንቃ አታውቅም። ቅናት ነው፣ ሌላ ስም አላወጣለትም። ነገ ተረቶቹ ወደ ሚጡ ስቱዲዮ ይሄዳሉ፣ እማዬም ተከትላቸው ትሄዳለች፤ ከዚያ እኔ የማንን ሳል ልለቅም ነው?

«የይለፍ ቃልሽን እየጠየቀ ነው፣ እትዬ። ነይ ጻፊው።» እንዳታይብኝ ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። ጨዋ ናት፤ ይህም ያናድደኛል።

ጎንበስ ብዬ እጽፋለሁ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ነጥብ እንኳ አይወጣም።

«አልጻፈም እንዴ?» ትላለች እማዬ።

«ይጽፋል፣ እማዬ። ሰው እንዳያየው ተብሎ ነው እንዲህ የተሠራው» ትላታለች ሚጡ።

ሰው ካላየውማ! ጣቶቼ ያገኙትን ፊደል ይመታሉ። ስህተት ነው፣ እንደገና ይሞክሩ ይላል። ሌላ ዝባዝንኬ እጽፋለሁ። አሁንም ስህተት። ለሦስተኛ ጊዜም እንዲሁ፣ እያወቅሁ። የገዛ ኮምፒውተሬ ነው፤ እኔ ካልፈቀድኩ ማን ያስገባታል?

«ረስቼዋለሁ መሰለኝ» እላለሁ ግንባሬን እያሸሁ።

ሚጡ አትጨቃጨቅም። «ችግር የለም፣ ሌላ መንገድ አለ። ማቀናበሪያው ብቻውን በአንድ ፋይል ይወርዳል። እሱ መጫንም አያስፈልገው፣ የይለፍ ቃልም አይጠይቅ፤ መክፈት ብቻ ነው።» ታወርደዋለች፣ ትከፍተዋለች። የእማዬ ተረት ከነሳሉ ስክሪኑ ላይ ይዘረጋል። በሩን ብቆልፍባት በመስኮት ገባች።

«በይ እትዬ፣ ሥራሽን ቀጥይ፤ እኔን ስቱዲዮ ይጠብቁኛል» ብላ ከመቀመጫዬ ትነሳለች። ሁለታችንንም ስማ ትወጣለች። ስለ ተረቶቹ አንድም ነገር አላነሳችም።

ተቀምጬ እጄን ኪቦርዱ ላይ አሳርፋለሁ። እማዬ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች።

«እኔ ይሄ ስክሪን ምኑም አይገባኝ፣ ልጄ። አንቺ ስትሠሪ የማየው ጣቶችሽን ነው። እነሱን ሳይ አልጠግብም።»

የመጀመሪያውን ሳል መርጬ አጠፋለሁ።

«ጠዋት ጠዋት የይለፍ ቃሉን ስትጽፊ መጨረሻ ላይ ከላይ ያሉትን ቁጥሮች ትነኪያለሽ» ትላለች። «ዛሬ አንዴም አልነካሻቸው።»

ጣቶቼን ከኪቦርዱ ላይ አነሳለሁ። የት እንደማስቀምጣቸው ግን አላውቅም።