የሚቆለፈው በር

ወይዘሮ ታማዮ ያለፈውን ወር ከቀን መቁጠሪያው ገነጠሉና ጀርባውን በመስመር ለሁለት ከፈሉት። በቀኝ በኩል «ጥሩ»፣ በግራ በኩል «መጥፎ» ብለው ጻፉ። ነገሩ ሐይቁ ዳር ስላለው የአረጋውያን መኖሪያ ነው። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ነገር ጠፋ ማለት ነው ብለው ያምናሉ።

«ጥሩ» ከሚለው ሥር አራት ነገር ሰፈረ። መስኮቱ ሐይቁን ያሳያል። በሳምንት ሦስት ቀን የሙቅ ውኃ ገንዳ አለ። ሐሙስ ሐሙስ ከዛጎል ሥጋ ሾርባ ይሠራል። በሩ በምስጢር ቁጥር ይቆለፋል።

«መጥፎ» ከሚለው ሥር ለጊዜው አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ ብቻነት።

ወረቀቱን መጀመሪያ ያየችው ሪትሱኮ ናት። ከአጥሩ ማዶ ያለውን ቤት ከተከራየች ገና ስድስት ወሯ ነው፤ የሰፈሩን ጉዳይ ግን እዚያው ተወልዶ ካደገ ሰው አብልጣ ታውቃለች፤ ወይም የምታውቅ ይመስላታል።

«እትዬ ታማዮ፣ የሚቆለፍ በር ከመቼ ወዲህ ነው ጥሩ የሆነው?»

«ቆይተሽ ስታረጂ ይገባሻል።»

«ጥሩነቱስ ለቆላፊው ነው። ይህን ያስጻፈዎት ሰው ዓይኑን በጨው የታጠበ ነው።»

ሰውየው ማን እንደሆነ አልተናገረችም። በቤቱ ያለው ሌላ ሰው አንድ ብቻ ነው። ሚትሱሩ፣ የወይዘሮ ታማዮ አንድ ልጅ፣ ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ባቡር ጣቢያ ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል። ሚስት አላገባም። መኪናውን ዓምና ሸጧል። ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የእጅ ሰዓቱን ያያል። ሰላም ሲሉት አንገቱን ዝቅ ያደርጋል እንጂ ትንፍሽ አይልም። እናቱ ያበስላሉ፣ እናቱ ያጥባሉ፣ ቆሻሻ የሚያወጡትም እናቱ ናቸው።

ከወር በፊት ሐኪሙ የወይዘሮ ታማዮ ልብ መድከሙን ነገራቸው። በሳምንቱ የመኖሪያው ቅጽ በፖስታ መጣ። ሪትሱኮ ሁለቱን ደመረችና መልሱን አገኘች። ልቧ የደከመ እናት አታበስልም፤ የማታበስል እናት ደግሞ ትጣላለች።

ወይዘሮ ታማዮ ፈርተው ነበር፤ ፍርሃታቸውንም አልደበቁም። ስልሳ ሦስት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር የኖሩ ሁለት ሰዎች ሊለያዩ ነው። «የማይቀር ከሆነ ግን ዓይኔ እያየ ልምረጥ» አሉ።

መኖሪያው ይዘው የሚገቡት ዕቃ ሁሉ ስም እንዲሰፋበት ያዛል፤ ካልሲ ሳይቀር። ወይዘሮ ታማዮ ሳምንቱን ሙሉ ሲሰፉ ሰነበቱ። ዓይናቸው የመርፌ ቀዳዳ ስለማይለይ ሪትሱኮ ጠዋት ጠዋት አምስት መርፌ ክር አስገብታ በአጥር ታቀብላቸው ነበር።

«ለመጨረሻ ጊዜ ስም የሰፋሁት ሚትሱሩ መዋዕለ ሕፃናት ሲገባ ነው» አሉ አንድ ቀን። «እጄ እስከ ዛሬ አልረሳውም።»

«እሱ ግን ረስቶታል» አለች ሪትሱኮ።

ወይዘሮ ታማዮ መርፌዎቹን ተቀብለው ገቡ።

ሐሙስ ዕለት ሪትሱኮ እናትና ልጁን በመኪናዋ ወሰደቻቸው። ቤቱን ከወደዱት የሙከራው ሳምንት ከዚያው ቀን ይጀምራል ተብሏል። ወይዘሮ ታማዮ ሻንጣውን ራሳቸው አንጠልጥለው ወረዱ። ሚትሱሩ እጁን ኪሱ ከትቶ ከኋላ ተከተለ። ሪትሱኮ ይህን አይታ ጥርሷን ነከሰችና ሻንጣውን ከወይዘሮ ታማዮ እጅ ወሰደችው።

«ምሳ ስንት ሰዓት ነው?» አለ ሚትሱሩ ገና በሩ ላይ።

«እኩለ ቀን ላይ» አለች የቤቱ ኃላፊ፣ ናጋሴ የምትባል ፈገግታ የማይለያት ሴት።

ክፍሉ ንጹሕ ነበር፤ ሐይቁም በመስኮቱ ይታያል። ወይዘሮ ታማዮ አልጋውን ከራስጌ እስከ ግርጌ በስንዝር ለኩት። ቁመታቸው ከሪትሱኮ ትከሻ አያልፍም። «አጭር ነው» አሉና በግራ በኩል ጻፉ። ናጋሴ ረዘም ያለ አልጋ እንደምታስመጣ ቃል ገባች፤ እሳቸውም ሰረዙት።

ሚትሱሩ ሰዓቱን አየ። «ምሳ ስንት ሰዓት ነው?»

ሪትሱኮ ከዚህ በላይ አልቻለችም። ክንዱን ይዛ ወደ ኮሪደሩ አወጣችው።

«አንተ ሰው፣ ይህን ያህል ምን አስቸኮለህ? እናትህ ናቸው እኮ። አጥብተው ያሳደጉህን ሴት እንደ አሮጌ ቁም ሣጥን እዚህ ጥለህ ስትሄድ ትንሽ አንጀትህን አይበላህም?»

ሚትሱሩ እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰማት። ከዚያ ሁለት እጁን ከጎኑ አድርጎ ቀጥ ብሎ ቆመና ከወገቡ እጅ ነሣ።

«ስለተፈጠረው መዘግየት ክቡራን መንገደኞቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን» አለ።

ሪትሱኮ ፊቷ ቀላ። በሕይወቷ እንዲህ የተሾፈባት ቀን ትዝ አላላትም።

ሾርባው ቀረበ። ወይዘሮ ታማዮ አንድ ጊዜ ቀምሰው «ጨው በዝቶበታል» ብለው በግራ በኩል ጻፉ። ሚትሱሩ የራሱን ጠጥቶ ሲጨርስ የእናቱን ሳህን ወደ ራሱ ሳበና ያንንም ጠጣ። ሪትሱኮ ፊቷን አዞረች። ወይዘሮ ታማዮ ግን እርሳሳቸውን አነሡና የጨዉን ነገር ሰረዙት።

«እንግዲህ ምን ወሰኑ?» አለች ናጋሴ።

በግራ በኩል ያልተሰረዘው «ብቻነት» ብቻ ነበር። ወይዘሮ ታማዮ ረጅም ጊዜ አዩት። አልሰረዙትም። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው ጉያቸው ከተቱት።

«ይሁን» አሉ።

ሻንጣውን ከፈቱና ተረከዙ ላይ ስም የተሰፋበት አዲስ የቤት ውስጥ ጫማ አወጡ። ወለሉ ላይ አስቀምጠው ቀስ ብለው ተንበረከኩ። ሪትሱኮ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠርጋ ልታግዛቸው ጎንበስ አለች።

«የቀኙን» አሉ ወይዘሮ ታማዮ፤ ሚትሱሩም ስሙ ለተሰፋበት ጫማ ቀኝ እግሩን አነሣ።