የስለቱ ቀይ በሬ

በሺር በሞተ በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው በበሬ ተጨቃጨቀ።

በሺር የታወቀ የወርቅ ነጋዴ ነበር። ኮምቦልቻ ባለው ሱቁ ውስጥ ተገድሎ ተገኘ። መሳቢያው ተሰብሯል፣ ወርቁ የለም። ሚስትም ልጅም ስላልነበረው ለቅሶው ደሴ ሆጤ፣ ታናሽ ወንድሙ ሚስባህ ቤት ሆነ። ሰዉ ብዙ ነው፤ ሰደቃ ደግሞ ያለ ሥጋ አያምርም። ግቢው ውስጥ አንድ የሰባ ቀይ በሬ ታስሯል። ጎረቤቶች ቢላዋቸውን ስለው ጠጋ ሲሉ፣ ሲያለቅስ የዋለው ሚስባህ ከፍራሹ ተስፈንጥሮ ወጣ።

«እሱን አትንኩ! በነቢ ይዣችኋለሁ፣ እሱን አትንኩ!»

«ምነው ልጄ?» አሉት አንድ ሽማግሌ። «ለወንድምህ ሰደቃ በሬ ትሰስታለህ?»

ሚስባህ አቀረቀረ። «የስለት ነው አባባ። የወንድሜ ገዳይ ተይዞ ከተፈረደበት ለመውሊድ አርደዋለሁ ብዬ ተስያለሁ።»

ሽማግሌው በሐፍረት አንገታቸውን ደፉ። «አፉ በለኝ ልጄ» አሉት። ሌላ በሬ ተገዛ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሆጤ ላይ ወንድም ማለት ሚስባህ ሆነ። ልጆቻቸው የተጣሉባቸው እናቶች ሁሉ «ሚስባህን አታዩም?» ማለት ጀመሩ።

ገዳዩም ብዙ አላስቸገረ። ሁዘይፋ ይባላል፤ የደጋን ከተማ ልጅ ነው፤ ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ይነዳል። የሟቹ ስልክ ከወንበሩ ሥር ተገኘ። ፖሊሶቹን ወደዚያ መኪና የመራቸው ሚስባህ ነበር። በየቀኑ በሱ መኪና ስለሚመላለስ፣ ሹፌሩን ዓይኑ ጠልቶት ኖሯል።

«ወላሂ አላየሁትም! ተሳፋሪ የጣለው ይሆናል» አለ ሁዘይፋ።

«ተሳፋሪ!» ብሎ መርማሪው ኢንስፔክተር ሳቀ። ያስቃል እኮ! ሌባ ሲያዝ ከተሳፋሪ ሌላ ምን ያመጣል?

ይባስ ብሎ ከግድያው አንድ ሳምንት በፊት በሺር «ሱቄ ፊት አታቁም» ቢለው፣ ሁዘይፋ «አንተንም ሱቅህንም አላህ ያንሳችሁ!» ብሎ ነበር። ሰባት ሰው ሰምቷል። ሰባቱም መጥተው መሰከሩ።

ሚስባህ አንድ ቀን ከችሎት አልቀረም። ያጽናኑትን ሁሉ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላቸው ነበር። ቀጠሮ ሲራዘም ብቻ ሆዱ ይባባል። ዐቃቤ ሕጉን ደጅ ላይ ጠብቆ «ከመውሊድ በፊት አያልቅም? በሬው ከውፍረቱ የተነሳ መቆም አቃተው እኮ» ይለዋል። የሰማ ሁሉ አዘነለት። በዚህ ዘመን ለስለቱ እንዲህ የሚጨነቅ ሰው ከየት ይገኛል?

መውሊድ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ተፈረደ። ሞት! ከዚያ በኋላ የሚጠበቀው ከላይ የሚመጣ ፊርማ ብቻ ነበር።

የሁዘይፋ ሚስት ኢንቲሳር የሰባት ወር እርጉዝ ናት። ሽማግሌ ይዛ ሆጤ መጣችና ሚስባህ እግር ሥር ወደቀች።

«ጋሼ፣ የሟች ወገን አፉ ካለ ነፍሱ ልትተርፍ ትችላለች ብለውኛል። ለኔ አይሁን። ሆዴ ውስጥ ላለው ይዘኑለት። አባቱን ሳያይ አይቅር።»

ሚስባህ አለቀሰ። የምሩን ነው ያለቀሰው፤ ዓይኑ ቀልቶ ሁለት ቀን ሰነበተ። «እህቴ፣ እኔ አፉ ብል የበሺር ደም አፉ ይለኛል?» አላት። ከዚያ አንድ ኪሎ ቴምር አስይዞ ሸኛት። የቴምሩ ወሬ ከሷ ቀድሞ ደጋን ደረሰ።

መውሊድ ሆነ። ደሴ ዙሪያ ያለችው፣ ስለት የሚገባባት ዘዊያ ከአፍ እስከ ገደፏ ሞላች። ድቤው ይመታል፣ መንዙማው ይወርዳል። ሚስባህ በሬውን በሰው ልኮ እሱ ቤቱ ሊቀር አስቦ ነበር፤ የዘዊያው ሥርዓት ግን ባለስለቱ ገመዱን ራሱ ይዞ ካልቀረበ አይቀበልም። ስለት አስቀርቶ ደግሞ በሰላም የኖረ የለም፤ ይህን ሚስባህ ከማንም በላይ ይፈራል። ስለዚህ ነጭ ለብሶ፣ በሬውን እየጎተተ መጣ። ለክብሩም መርማሪውን ኢንስፔክተር ጋብዞ አጠገቡ አቁሞታል።

ከሴቶቹ መሀል ኢንቲሳር ተቀምጣለች። አንዲት ዶሮ ታቅፋለች። እሷም ለባሏ ነፍስ ልትሳል ነው የመጣችው።

ስለት የሚቀበሉት ሸህ ጣሀ ናቸው። ሰማንያን አልፈዋል። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ስለት ሲሰሙ አንዱንም ጽፈው አያውቁም፤ አንዱንም አልረሱም።

«ሸህዬ፣ ቶሎ ዱዓ ያድርጉልኝና ልሂድ» አላቸው ሚስባህ ገመዱን እያቀበለ።

«ወዴት ነው ጥድፊያው? ስለቱ የሰመረለት ሰው ሳይነገርለት ይሄዳል እንዴ!»

እጃቸውን አነሱ። ድቤው ቆመ። ኢንስፔክተሩም ቆቡን አውልቆ ጆሮውን ሰጠ።

«ጀመዓ፣ ስሙኝማ!» አሉ ሸህ ጣሀ፣ ፊታቸው በደስታ በርቶ። «ይህ ልጅ አምና እዚሁ ቆሞ ‹ያሰብኩት ከሞላልኝ ቀዩን በሬ› ብሎ ሲሳል፣ ማርሁም በሺር፣ አላህ ይርሐመውና፣ አጠገቡ ሆኖ ‹አሚን! የወንድሜን ሐሳብ ሙላለት!› ብሎለት ነበር።»