ፈሀድ የመከረው ኮምፒውተር

«ፈሀዴ... ሰውዬው ዛሬም መጥተዋል!»

ወንድይፍራው ጆይስቲኩን ሳይለቅ በአገጩ ወደ በሩ ጠቆመ።

እውነትም ቆመዋል። ኮት የለበሱ፣ ጫማቸው የቀራንዮን ጭቃ አይቶ የማያውቅ ትልቅ ሰው...

አይጫወቱም። አይገቡም። ከውጭ ሆነው የተጫዋቾቹን ጀርባ ብቻ ያያሉ።

ፈሀድ ቀራንዮ ላይ ፕሌስቴሽን ቤት አለው። ቤት ሲባል ሰፊ እንዳይመስላችሁ... አንዱ ጎል አግብቶ እጁን ካነሳ የጎረቤቱ ጥርስ ይረግፋል!

ማሽኗም አንዲት ናት፣ አርጅታለች። ማራገቢያዋ ሲጮህ አስኮ ያለ ሰው ሄሊኮፕተር መጣ ብሎ ከቤቱ ይወጣል።

እሷ ከሞተች የፈሀድም እንጀራ አብሮ ይቀበራል። ሌላ መግዣ የለውም።

«ልንገርህ?» አለ ጓደኛው ወንድይፍራው። «ፊት ለፊትህ ያለው ቤት ለኪራይ ተለቋል አይደል? ጌም ቤት ሊከፍቱበት ነው። እያጠኑህ ነው፣ አንተ ሞኝ!»

ፈሀድ ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ...

ወጣ። «ምን ፈልገው ነው፣ ጋሼ?»

ሰውዬው ደንገጥ አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ... ለእንዲህ ያለ ቤት ፕሌስቴሽን ይሻላል ወይስ ኮምፒውተር?»

ይኸው! ወንድይፍራው አልተሳሳተም!

እውነቱን ፈሀድ ያውቀዋል። ፕሌስቴሽን ሰክተህ ታበራለህ፣ ለሁለት ሰው ሁለት ጆይስቲክ ታቀብላለህ፣ አለቀ። ሕጉም አንድ ነው... ተሸናፊ ይከፍላል!

ግን ለጠላት እውነት ይነገራል እንዴ?

«ኮምፒውተር ነው እንጂ ጋሼ! ፕሌስቴሽንማ ጊዜው አልፎበታል። ኮምፒውተር ጌም ያጫውታል፣ ፊልም ያሳያል፣ ፎቶ ያሳምራል... ትንሽ ካለማመዱት ሽሮም ሳይሠራ አይቀርም!»

«ታዲያ አንተ ለምን አልገዛህም?»

«አቅም አጥቼ ነዋ! ባገኝማ ዓይኔን አላሽም ነበር።»

«ተባረክ። ልሳሳት ነበር እኮ...» ብለው ሄዱ።

ፈሀድና ወንድይፍራው በሳቅ ፈነዱ። «ክስረታቸውን እዚሁ ቁጭ ብለን እናያታለን!»

ሳምንት ሳይሞላ አንድ ላዳ በሩ ላይ ቆመ...

ሰውዬው ትልቅ ካርቶን አስወረዱ። ፈሀድ ወደ ፊት ለፊቱ ቤት እስኪያስገቡት እየሳቀ ጠበቀ...

ወደ እሱ ቤት መጡ!

«እንካ ልጄ። ያማረህን ኮምፒውተር አምጥቼልሃለሁ።»

«ለ... ለእኔ?»

«ቀለመወርቅ እባላለሁ። ጥግ ላይ የሚቀመጠው ቃለጽድቅ ልጄ ነው። እናቱ ካረፈች ወዲህ ቤት ውስጥ ጥርሱን አይቼው አላውቅም። ሳቁን ለመስማት ነው በርህ ላይ የምቆመው... እንዳያፍር ብዬ አልገባም እንጂ። ማሽንህ ልትሞት እንደሆነ ነገረኝ። እኔማ ፕሌስቴሽን ልገዛልህ ነበር... ደግነቱ አንተኑ ጠየቅሁህ!»

ፈሀድ ካርቶኑን በሁለት እጁ ተቀበለ...

ኮምፒውተሩ ተተከለ።

አንድ ወንበር፣ አንድ ተጫዋች። የቀረው ከኋላ ቆሞ ማጅራት ያያል!

ጆይስቲክ አብሮት አልመጣምና፣ ሁለት ሆነን እንጫወት ያሉት በአንድ ኪቦርድ ሲሻሙ ግማሹን ቁልፍ ነቅለው ጨረሱት።

በኢንተርኔት ይሁን ሲባል ደግሞ ተሸናፊው ብራዚል ነው ያለው። «ብራዚል ሄደህ ተቀበል!» እያሉ ሳይከፍሉ ይወጣሉ።

ሸጦ ፕሌስቴሽን እንዳይገዛ፣ ጋሽ ቀለመወርቅ በየቀኑ ብቅ ብለው «እንዴት ነው፣ ተመቸህ?» ይሉታል።

«በጣም ጋሼ...» ይላል፣ ላቡን እየጠረገ።

ከዚያ አሮጊቷ ማሽን አንዴ ጮኸች... ዝም አለች።

ቤቱም ዝም አለ። ልጆቹ አንድ በአንድ ወጡ፣ ቃለጽድቅም ከነሱ ጋር።

በነጋታው ጋሽ ቀለመወርቅ እንደ ልማዳቸው መጥተው ጆሯቸውን ወደ በሩ አዘነበሉ። ጠበቁ...

«ልጄ... ዛሬ ሳቅ የለም እንዴ?»

ፈሀድ ተነስቶ የሞተችውን ማሽን በጨርቅ ሸፈነ...

ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቅም ይባላል። ክፉ ምክርም እንደዚያው ነው ወገኖቼ... አንዳንዴ በላዳ ተጭኖ፣ በስጦታ ካርቶን ታሽጎ ወደ መካሪው ቤት ይመለሳል።

ሰውን ሳትጠይቁ አትጠርጥሩ!

እናንተ ፈሀድን ብትሆኑ ለጋሽ ቀለመወርቅ ምን ትመልሱላቸው ነበር? እውነቱን... ወይስ ሌላ ውሸት? እስቲ ኮሜንት ላይ ንገሩን... 👇